በጧፍ የታሰረ ማግ

ወረቀቱ ሲነበብ ትርንጎ ከአዳራሹ በስተኋላ ከፈታዮቹ መካከል እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሳርፋ ተቀምጣ ነበር። የሸማኔዎች ማኅበር ስብሰባ ሁሌም እንዲህ ነው፤ ወንዶቹ ሸማኔዎች ከፊት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ድርና ማጉን የሚፈትሉላቸው ሴቶች ከኋላ መሬት ላይ። ሊቀ መንበሩ ቢሆነኝ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን የተመረጠው ባለጥለት ቡልኮ «የጓድ ዘውዱ ፈጠራ» መሆኑን አፉን ሞልቶ አነበበ። ጭብጨባው ቀለጠ። ዘውዱም፣ አሥራ ስምንት ዓመት አብራው የኖረች ባሏ፣ ብድግ ብሎ ግራና ቀኝ እጅ ነሳ።

ቢቀመጥ ምን ነበረበት? እግሬን አሞኛል ቢል፣ ስሜ መጠራቱን አልሰማሁም ቢል፣ ዞር ብሎ እንኳ ወደ ኋላ ቢያይ። እሱ ግን እንደ ሙሽራ ብድግ አለ። ከጎኗ የተቀመጠችው ጎረቤቷ እቴነሽ በክርኗ ጎሸም አድርጋት ያንቺ ሥራ አይደለም እንዴ ብላ ጠየቀቻት። ትርንጎ አፏን ከከፈተች አዳራሹን የሚያፈርስ ነገር እንደሚወጣት ታውቃለች። እንዝርቷን አንሥታ መፍተል ቀጠለች፤ ክሩ ሦስት ጊዜ ተበጠሰባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡልኮውን የሸመነው ዘውዱ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ጥለቱ ግን እሱ እጅ ሳይደርስ፣ በድሩ መካከል አግድም በሚወረወረው ክር፣ በማጉ ውስጥ አልቆ የገባ ነበር። ያስገባችው ትርንጎ ናት።

በዚያ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሴት ከሸማኔ ጉድጓድ ገብታ መወርወሪያ ከያዘች ድሩ ይበጣጠሳል፣ ቤቱም ይራቆታል ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ብቻ ይባላል። ትርንጎ ልጅ ሳለች ጋፋት ከአባቷ ቤት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብላ የአባቷን እጅ ስታይ ትውል ነበር። አንድ ቀን አባቷ ወደ ውጭ ሲወጣ ጠብቃ ገባችና ተቀመጠች። እግሯ ገና ከመርገጫው ሳይደርስ ጆሮዋን ተይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላው የሚሸምነውን ስትፈትል ኖረች። ክሩ የሷ ነው፤ ክሩ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ግን ሁሌም ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ይህ ነገር እንደ እሾህ ውስጧ ቀርቶ ነበር።

እናቷ በሞተች ጊዜ ነጠላዋን ለኀዘን ጥቁር፣ ለከል ነከረችው። የዛፍ ቅርፊት ቀጥቅጣ በዘፈዘፈችበት ውኃ አርሳ፣ ከረግረግ ባመጣችው ጥቁር ጭቃ ውስጥ ሁለት ቀን ቀበረችው። ስታወጣው ከሰል መስሏል፤ ትከሻው ላይ ግን አራት ነጭ ነጠብጣብ ቀርቷል። አሸችው፣ መልሳ ነከረችው፣ አልጠቁር አለ። ኋላ ነው የገባት። በትንሣኤ ዕለት ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይዛ ስትቆም የተንጠባጠበባት ሰም ነበር። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ሁሉ እሷ ትከሻዋን እያየች በሐሳብ ስትነጉድ እናቷን የምታስብ እየመሰለው ያጽናናታል። ኀዘኑማ ነበር፤ እሷ ግን የምታስበው ስለ ሰሙ ነበር።

ካሰበችው የወጣው ይህ ነው። ማጉን በቡልኮው ስፋት ልክ በሁለት ችንካር መካከል እየደጋገመች ጠመጠመችው። ነጭ ሆኖ እንዲቀር የምትፈልገውን ቦታ አሰረች፤ የቀረውን ጭቃው ይወስደዋል። ከዚያ ማሰሪያው ሲፈታ አንዱ ማግ ከጥቁር ወደ ነጭ፣ ከነጭ ወደ ጥቁር ይሄዳል። መወርወሪያው ውስጥ ሲገባ ደግሞ፣ ሸማኔው ቢወድም ባይወድም፣ ጥለቱ በየመስመሩ ራሱ ይሰለፋል። ጉድጓድ አትግቢ ተብላ የለ? እሷ አልገባችም፤ ማጉ ገባላት። ይህን የተረዳች ዕለት ብቻዋን ሳቀች።

በአፍ ሲወራ ይቀላል። መጀመሪያ በቃጫ አሰረችው፤ ውኃው በሥር ሰርጎ ገባና ሁሉም ግራጫ ሆነ። ቀጥላ ሰም ቀባችው፤ የቅርፊቱ ውኃ ሳይበርድ ብትነክረው ሰሙ ቀልጦ ተንሳፈፈ። በሦስተኛው ዓመት ጧፉን ራሱን ማሰሪያ አደረገችው። ጧፍ ክርም ነው ሰምም ነው፤ አጥብቀው ካሰሩትና ውኃውን ካቀዘቀዙት ጠብታ አያስገባም። ከቄሰ ገበዙ ዘንድ እየሄደች ቁርጥራጭ ጧፍ ትለምናለች፤ እሳቸውም ጸሎት የምታበዛ እየመሰላቸው ይመርቋታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ማጉ ረጥቦ ሲደርቅ አጠረባትና የጥለቱ ጠርዝ ከቡልኮው ወጣ። ከዚያ ወዲያ ማጉን አስቀድማ ዘፍዝፋ፣ አድርቃ፣ ነው የምትለካው። ስንቱን ፈትል እንዳበላሸች እግዜር ይቁጠረው። ዘውዱ ሚስቴ እንደ ሕፃን ጭቃ ታቦካለች እያለ ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅባት ኖረ።

አንድ ቀን ግን ያሰረቻቸው ሦስት ማዕዘኖች ጫፋቸው ሹል ብሎ፣ ጎናቸው ቀጥ ብሎ ተደርድረው ወጡ። ስሙን ጉና አለችው፤ ከደጇ ቆማ የምታየው ተራራ ነው። ቀጥላ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ውስጥ ሠራችና የበግ ጉረኖ አለችው። ዘውዱ ጉና የወጣች ዕለት መሳቁን ተወ። መወርወሪያውን እንደያዘ ቀና ብሎ ይህ ነገር ከየት መጣ አላት። ከጭቃው ነው አለችው።

ቡልኮው አንበሳሜ ገበያ ሲወጣ ሰው እንደ ጉድ ከበበው። ወሬው ቢሆነኝ ጆሮ የገባው ያኔ ነው። ቢሆነኝ ሸማኔ አይደለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት እሱ ነው፤ ድርን ከማግ ለይቶ የማያውቅ፣ ስብሰባ ላይ ግን ምላሱ የማይነጥፍ፣ ከላይ ታዞ በሸማኔዎቹ ላይ የተቀመጠ ሊቀ መንበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሳይል ስብሰባ አይከፍትም። ቤታቸው መጥቶ ቡልኮውን አገላብጦ አየና የማን ሥራ ነው ብሎ ጠየቀ። ትርንጎ ጠላ ልትቀዳለት ጓዳ ገብታ ነበር። ዘውዱ የኔው ነው አለ። ጠላውን ይዛ ስትወጣ ወረቀቱ ተጽፎ፣ ታጥፎ፣ ኪስ ገብቶ ነበር። ምን እንደተጻፈ አላወቀችም። ያወቀችው እዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ ባሏ ብድግ ሲል ነው።

ከስብሰባው ሲመለሱ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆኑ። በመንገድ ላይ ያያቸው ሰው ሁሉ ነገር እንዳለ ገባው። ዘውዱ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣታል፤ ካገባችው ጀምሮ አንቱ እንጂ ሌላ ብላው አታውቅም። በሩን እንደዘጋ ዞረችበት።

«አንተ» አለችው። «ለምን ተነሣህ?»

ዘውዱ አንተ መባሉ ከጥያቄው ይልቅ አስደነገጠው። በመጀመሪያ ስሜ ሲጠራ ምን ላድርግ አለ። ቀጥሎ በአንድ ቤት ውስጥ የኔ ያንቺ ምንድን ነው አለ። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሚስቴ ባሰረችልኝ ማግ እሠራለሁ ብዬ ብናገር ሸማኔዎቹ እስክሞት መሳቂያ ያደርጉኛል አለ። ሦስተኛው እውነቱ ነበር። እዚያ ላይ ቢያቆም ምናልባት ይሻለው ነበር፤ ግን ጨመረበት።

«ደግሞስ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?»

ሰምታለች። ስንት ጊዜ ሰምታለች። አባቷም ጆሮዋን ይዞ ሲያወጣት ይህችኑ ነበር ያላት። ሦስት ዓመት ጭቃ ስታቦካ፣ ጣቷ በጧፍ ክር ሲቆረጥ፣ እሱ ሲስቅ፣ ያ ሁሉ በአንዲት ተረት ታጠፈና ተቀመጠ። ያን ዕለት ራቱን አቀረበችለትና እንዝርቷን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች።

በማግሥቱ ቢሆነኝ ቢሮ ሄደች። ከደጅ ብዙ አስቆማት፤ ስትገባም ወንበር አላሳያትም። ማጉን የማስረው፣ የምነክረው፣ ጥለቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ይጻፍልኝ አለችው። ቢሆነኝ እንደ አባት ፈገግ አለ።

«ጓድ ትርንጎ፣ የሰፊው ሕዝብ ሥራ የግለሰብ ባለቤት የለውም» አላት።

«ከሌለው የዘውዱ ስም ለምን ተጻፈበት?»

ቢሆነኝ ነገር ሲጠናበት መዝገብ ይገልጣል። መዝገቡን ገለጠና አሳያት። በአንድ በኩል ሸማኔ፣ በሌላው ፈታይ ይላል። አንቺ ፈታይ ተብለሽ ተመዝግበሻል፤ ማግ አሳሪ የሚባል ሙያ እዚህ ላይ የለም አላት። ከሌለ ይጻፋ አለችው። መዝገቡ ከላይ የመጣ ነው፣ በላዩ ላይ መስመር አይጨመርም አላት። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። በአብዮቱ በዓል ዋዜማ የማኅበሩን አንድነት የሚያናጋ ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ ሲል ጠየቃት። መልሷን ሳይጠብቅ እሱ ነገራት፤ አሻጥረኛ ይባላል።

በዚያ ዘመን ይህ ቃል ቀልድ አልነበረም። ትርንጎ ፈርታም ተናዳም ወጣች፤ ንዴቱ ግን ይበልጥ ነበር። ድር ቢያብር ይላል እንዴ እሱ? ድሩንም ማጉንም የፈተልኩት እኔ፣ ሲያብር ግን ለስሜ ቦታ የለም እያለች ብቻዋን እየተናገረች ሄደች።

ሳምንት ሳይሞላ ትእዛዝ መጣ። መስከረም ሁለት ከክፍለ ሀገር ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ። ጓድ ዘውዱ ሜዳ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮለት፣ በእንግዳው ፊት አዲስ ጥለት እየሸመነ ያሳያል። ዘውዱ ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ማሰሩን ራሱ ሞከረው። ሁለት ቀን ሙሉ ከጧፉ ጋር ሲታገል ዋለና ጭቃ ነከረው፤ ሲወጣ ጅብ የረገጠው መንገድ መስሎ ወጣ። ከዚያ ምስጋናና ልመና ጀመረ። እሷ ሦስት ቀን ስታስብበት ሰነበተች።

እንቢ ብትል ልክ ነበረች። ግን እንግዳው ፊት ባዶ ማግ ይዞ ከቀረበ ያ ቢሆነኝ የነገራት ቃል በእሱ ላይ ይወድቃል፤ እስር ቤት ደግሞ ቅርብ ነው። ባሏ ነው፤ ይናደዱበታል እንጂ ለጅብ አይጥሉትም። እሺ ብትል ግን በገዛ እጇ፣ በአገር ሰው ሁሉ ፊት፣ ሥራዋን ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ አስረከበች ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የኔ ነው ብትል ማን ይሰማታል?

በሦስተኛው ቀን የመሠረተ ትምህርት ደብተሯን አወጣች። ዘመቻው በመጣ ጊዜ እሷና እቴነሽ ሌሎቹን ፈታዮች አስከትለው ከሰዓት በኋላ እየሄዱ ተምረዋል፤ መምህሩ ሲያመለክት በአንድ ድምፅ ሀ ሁ እያሉ። ዘውዱ ሁለት ቀን ሄደና ዓይኔ አይሠራም ብሎ ቀረ። ሲሸምን አንዲት ክር የማታልፈው ዓይን ሰሌዳ ላይ ሲደርስ ታወረ። እስከ ዛሬ በጣቱ ነው የሚፈርመው። ትርንጎ ደብተሩን ገልጣ ስሟን የጻፈችበትን ገጽ ብዙ አየችው። ት መስቀል ናት። ር የታጠፈ ጉልበት ናት። ን ቀላል ናት። መስመርና መታጠፊያ ብቻ ናቸው፤ ከጉናና ከበግ ጉረኖ በምን ይበልጣሉ?

«አስርልሃለሁ» አለችው ለዘውዱ። እሱ እጇን ሊስም ምንም አልቀረው።

ዘጠኝ ቀን አሰረች። መጀመሪያ ሁለት ረድፍ ጉና። ከዚያ አራቱ ፊደላት፣ አንዱ ከአንዱ ሥር፣ እያንዳንዱ በጋት ልክ። ያዞረቻቸውም አስባበት ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ላለው ሸማኔ ተዘቅዝቀው፣ ፊት ለፊት ለሚቆመው ሕዝብ ተቃንተው እንዲወጡ። አስቸጋሪዋ ጎ ነበረች፤ ቀለበት አለባት፣ ክብ ነገር ደግሞ በማግ አይወጣም። በትንሽ አራት ማዕዘን ተካችው። ዘውዱ አንድ ቀን የታሰረውን ማግ እያገላበጠ የበግ ጉረኖ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። አዲስ ነው አለችው። ውሸት አይደለም።

ፈርታለች። በዚያ ከተማ ግድግዳ ላይ የተገኘች አንዲት ቃል ሰው እንዳስበላች ታውቃለች። ሁለት ጊዜ ማሰሪያውን ልትፈታው ቢላዋ አንሥታ ነበር። ግን ሁለቱንም ጊዜ ባሏ ብድግ ሲል ታያት። ስሜ ነው አለች ለራሷ፤ የገዛ ስሜ ወንጀል ከሆነ ይፍረዱብኝ።

መስከረም ሁለት ሰማዩ ዳምኖ፣ ከጉና የሚወርደው ብርድ ሜዳውን እየገረፈው ነጋ። ዳስ ተጥሏል፣ ባንዲራ ተሰቅሏል። በዳሱ መካከል ጉድጓዱ ተቆፍሮ ድሩ ተወጥሯል። ዘውዱ አዲስ ኮት ተሰጥቶት ገብቶ ተቀምጧል፤ እንግዳው ማስታወሻ ደብተራቸውን ይዘው ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ሸማኔዎቹ ከኋላቸው፣ ፈታዮቹ በጎን በኩል። ዘውዱ ወረወረ። ጉና በየመስመሩ ከሥሯ መነሣት ጀመረች፤ ሁለቱ ረድፍ ሲያልቅ ጭብጨባ ሆነ። ቢሆነኝ ይህ ሦስት ማዕዘን የአብዮቱን ከፍታ ያመለክታል ብሎ ለእንግዳው አስረዳ። እንግዳው ጻፉ። ትርንጎ በጥርሷ መካከል ጉና ነው አለች።

ቀጥሎ የመጣው ጉናን አይመስልም። አንድ ነጭ ቋሚ፣ እሱን የሚያቋርጥ አንድ አግዳሚ። ቢሆነኝ አዲስ ጥለት መሆኑን ተናገረ። ዘውዱ ጠርዙን እያስተካከለ ይወረውራል፤ እጁ እንደ ልማዱ የተዋጣለት ነው። አንድ ጋት ሲሞላ እቴነሽ አንገቷን አስግጋ አየችና፣ ሳታስበው፣ ሰሌዳ ፊት እንደምትለው ጮክ ብላ፦

«ት» አለች።

ሴቶቹ ተያዩ። ቀጣይዋ ስትታጠፍ ሦስት አራት ሆነው «ር» አሉ። ሦስተኛዋ ጋ ሲደርስ ፈታዮቹ በሙሉ፣ የመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ተመልሶ የመጣ ይመስል፣ በአንድ ድምፅ «ን» አሉና ከላይ ጀምረው ገጣጠሙት። «ትርን።» የዘውዱ እጅ ቆመ። ወደ ጨርቁ አቀረቀረ፤ ለሱ የተዘቀዘቀ ነጭና ጥቁር ነው፣ ቢቃናም አያነበውም። ግን ጆሮ አለው። ቀና አለና ከሴቶቹ መካከል ትርንጎን ፈለጋት። አገኛት። ዓይኗን አልሰበረችም።

እንግዳው ምንድን ነው የተጻፈው ብለው ጠየቁ። ቢሆነኝ የማሰር ስህተት ነው፣ አሁኑኑ ይቆረጣል አለና ቢላዋ ፈለገ። እንግዳው እሱን ትተው ወደ ዘውዱ ዞሩ፤ ሠሪው አንተ ነህ፣ አንተ ንገረን አሉት።

አላውቅም ቢል፣ ስህተት ነው ቢል፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ትዳሯ እዚያ ላይ አለቀ፤ ትርንጎ ይህን እንደ ፀሐይ ታውቀዋለች። ዘውዱ መወርወሪያውን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። ሸማኔዎቹን አየ፣ ቢሆነኝን አየ፣ ከዚያ ማንንም ሳያይ ተናገረ።

«የሚስቴ ስም ነው። ማጉን ያሰረችው እሷ ናት። የዚያኛውም ቡልኮ ጥለት የሷ ነው። እኔ መወርወር ነው የማውቅ።»

ሸማኔዎቹ ሳቁ። ያው የፈራው ሳቅ ነው፤ መጣበት፣ ተቀመጠበት። እንግዳውም ፈገግ አሉና፣ ለጨዋታ ይሁን ለፌዝ፣ እንግዲያው እሷው ትጨርሰው አሉ። ሳቁ በረታ። ሴት ሸማኔ ጉድጓድ ስትገባ ማን አይቶ ያውቃል?

ትርንጎ እንዝርቷን እቴነሽ እጅ ላይ አኖረችና ሄደች። ዘውዱ ወጥቶ ቦታውን ለቀቀላት። ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች፤ ተቀመጠች። በዚህ ጊዜ እግሯ መርገጫው ላይ ደረሰ። ሳቁ ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄደ።

ወረወረች። ማጉ ወደ ቀኝ ሸሸባት። ሳበችው፣ አለቅጥ ተሳበ። ሠላሳ ዓመት ስታየው ቀላል ይመስላት ነበር፤ ለካ የዘውዱም እጅ የዋዛ አይደለም። ንዴቷ ሳይበርድ ይህንንም ልብ አለች። ዘውዱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን አንጠልጥሏል፤ ጠርዙን ያዢው ይላታል ቀስ ብሎ፤ እጁን ግን አንድ ጊዜም አላስገባም። ላብ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ድሩ አልተበጠሰም። አንዲት ክር እንኳ አልተበጠሰችም። የጎ ትንሿ አራት ማዕዘን አንድ ጥጓ ወደ ታች ወርዶ፣ ሌላው ወደ ላይ ሸሽቶ፣ እንደ ምንም ተዘጋች። ሴት አውቃ በሴት አለቀ።

«ጎ» አሉ ሴቶቹ። ከዚያም ሙሉውን አሉት።

ቢሆነኝ ነገሩን ቶሎ ለመክደን የምስክር ወረቀቱን አወጣ። አስቀድሞ በታይፕ የተመታ፣ ማኅተም ያረፈበት ነውና ምንም ሊለወጥ አይችልም፤ መዝገቡም ያው መዝገብ ነው። ለአዲሱ ጥለት ፈጠራ፣ ጓድ ዘውዱ፣ ብሎ ጠራ። ሸማኔዎቹ አጨበጨቡ። እንግዳው ወረቀቱን ለመስጠት እጃቸውን ዘረጉ።

ትርንጎ ጉድጓዱ ውስጥ ሆና ጨርቁን ታያለች።

«ጎ ጠመመችብኝ» አለችው ለባሏ። «አየህ?» ወደ አንቱ ገና አልተመለሰችም።

«ሰዉ ግን አንብቧታል» አለ ዘውዱ።

ቢሆነኝ ለሁለተኛ ጊዜ ጠራ፤ ለሦስተኛ ጊዜም ጠራ። ዘውዱ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ እንዳንጠለጠለ፣ ከተቀመጠበት አልተነሣም።